ለቅዳሜ ጽሑፍ ይዛችሁ ስትመጡ

ሰላም ወዳጆቼ፣

ባለፈው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያነበባችኋቸውን ጽሑፎች ማታ ቁጭ ብዬ ደግሜ አየኋቸው። ስለ አሞራ ገደል፣ ስለ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ የተጻፈችው ግሩም ናት፤ የዓሣው ሽታ ሳይቀር ይመጣል። ግን «ሕፃናቶች» እና «ቃላቶች» ምን በደሏችሁ? «ሕፃናት» በግእዙ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ወይ «ሕፃናት» ወይ «ሕፃኖች» በሉ፤ ሁለቱን አትደርቡ።

የባሰው የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ጫፍ ሲደርስ ነው። መሀሉን በ«ስለሆነም»ና በ«በመሆኑ» ካጨቃችሁት ሳይደርስ ይደክማል። ቶሎ ዝጉና አራት ነጥብ አድርጉ። «ጥናት እየተካሄደ ይገኛል» ከምትሉ «እያጠኑ ነው» በሉ። (የዜናው አማርኛ ለዜና ይቅር።)

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው፤ አንዱን ፊደል ስናነብ ጠንከር ወይም ላላ ማድረጋችንን ማለቴ ነው፤ ፊደላችን አያሳየውም። «ዶሮው ይበላል» ብለሽ የጻፍሽው እህቴ፣ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው ወይስ ወጥ ሊሆን ነው? እስካሁን አልገባኝም።

ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሩ። ቡናው በእኔ ነው።