እማዬ፣ የጌታ እግር ግን የለም

ሚላኖ፣ እሑድ ማታ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ የጠፋሁት አኩርፌ አይደለም። ሚጡ ከተዳረች ወዲህ ስልክ ባነሳ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። «ብሩን ላከች፣ ራሷ ቀረች» ማለቷን ሰምቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር፤ ያኔ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ንገሪያት።

ሳሎን የሰቀልሽው፣ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ማዕድ የቀረበበት የግድግዳ ምንጣፍ አለ አይደል? የዋናው ሥዕል አገር እዚሁ ነው፤ ሰባት ዓመት ስኖር ሳላየው! የወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነፃ ነው ሲሉኝ ተመዝግቤ ዛሬ ሄድኩ። ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ የሚባል የዶሚኒካን ገዳም ነው። ሥዕሉ ያለው መነኮሳቱ ይመገቡበት በነበረው አዳራሽ ነው። አቧራ እንዳይገባ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፤ የሚፈቀደውም 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

እማዬ፣ ትልቅነቱ! ወርዱ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ግን ደብዝዟል። ሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ቀስ እያለ ለማረም ብሎ በደረቅ ልስን ላይ ስለሣለው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1498 ገደማ ከጨረሰው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ መርገፍ ጀመረ። በ1943 ቦምብ አዳራሹን ሲያፈርሰው ይህ ግድግዳ በአሸዋ ጆንያ ተደግፎ ተረፈ። ይሁዳን እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይኑ ፈለግኩት፤ ከረጢቱን ጨብጦ ከሌሎቹ መሐል ተቀምጧል።

ዓይኔ ወደ ገበታው ሥር ሲወርድ ግን የጌታ እግር የለም። በ1652 በር ሲያወጡ ቆርጠውት ነው። በሩ ኋላ ቢደፈንም ቅርጹ ይታያል። በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት፣ የሐዋርያቱን እግር ባጠበበት! አንቺ ጉልባን ቀቅለሽ፣ እኛ ካህናቱ እግር ሲያጥቡ ለማየት ስንጋፋ ትዝ አለኝ። ከዚያ ያንቺ እግር። ከገበያ ስትመለሺ ለብ ባለ ውኃ የማጥብልሽ፣ ተረከዝሽ የተሰነጣጠቀው። አሁን ሚጡም ሄደች፤ ማን ያጥብልሻል? እኔ እዚህ የማስታምማቸውን ሴትዮ እግር በየማታው አጥባለሁ። አይክፋሽ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሴትዮዋም ደግ ናቸው። የቀረውን ደቂቃ ግን ሥዕሉን አላየሁትም፤ ሳለቅስ ሰዓቱ አለቀ።

በዚህች ልጅ እጅ የላኩት ገንዘብ ለቤት ዕቃ አይደለም፤ ለእግርሽ ነው። ሚጡና ባሏ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ያበጠው ግራው ነው ቀኙ? ባለፈው ስጠይቅሽ ወሬ ቀየርሽብኝ።

ልጅሽ