ከበጉ በፊት ያሉት ቀናት

ለአዘጋጁ፦

ዐረፋ ሲቃረብ የምትጽፉት ስለ በግ ዋጋ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር 12ኛ ወር የሆነው የዙልሒጃ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ለእኛ ለሙስሊሞች እጅግ የከበሩ ናቸው። በ9ኛው ቀን ሐጃጆች መካ አጠገብ ባለው የዐረፋ ሜዳ ሲቆሙ እኛ እዚህ ባሕር ዳር እንጾማለን። ኡዱሒያ፣ ማለትም የበዓሉን የመሥዋዕት እንስሳ፣ ለማረድ ያሰበ ሰው እስኪያርድ ፀጉሩንና ጥፍሩን አይቆርጥም፤ አባቴ አዲሷ ጨረቃ ከመታየቷ በፊት መቀሱን ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅሉታል፣ እኛ ልጆቹም አንነካውም።

ባለፈው የዐረፋ ጾም ጣና ዳር ተቀምጠን የፀሐይዋን መጥለቅ ጠበቅን። እናቴ ተምሩን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን፣ ሰዓቱን ከእኛ እኩል ሲቆጥሩ ቆይተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አመጡልን። ዘንድሮ ይህንንም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር