ከሐረሙ በር የቆሙት ሰዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣ አንድ አስተያየት፣ ትርጉም የቱርክ ድራማ የሚከታተሉ ሴቶችን «በሱልጣን ወርቅና በፍቅር የፈዘዙ» ብሏቸዋል። ከፈዘዙት አንዷ ነኝና መልስ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ።

«ሐሪም አል-ሱልጣን» በሚል ርእስ፣ በሶርያ ዘዬ ተተርጉሞ በዓረቡ ዓለም የታየውን የኦቶማን ቱርኩን ሱልጣን የሱሌይማንን ታሪክ የተከታተልኩት በጅዳ በቤት ሠራተኝነት ሳገለግል ነው፤ ያውም ተቀምጬ አይደለም። ማዳሜ ሶፋው ላይ ትሆናለች፣ እኔ በሳሎኑ በር ላይ ቆሜ የልጆቿን ጀለቢያ እተኩሳለሁ። የካውያው እንፋሎት ንግግሩን ስለሚሸፍንብኝ፣ የሱልጣኑ ሚስት ሁሬም አፏን ስትከፍት ካውያውን አንሥቼ እጠብቅ ነበር። ዓረብኛዬንም በአብዛኛው የለቀምኩት ከዚያው በመሆኑ፣ ባለሱቆቹ «ከደማስቆ መጣሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ልቤን የያዘው ወርቁ አልነበረም። ከዛሬዋ ምዕራብ ዩክሬን ተማርካ የመጣችው ልጅ የቀድሞ ስሟ ቀርቶ «ሁሬም» ስትባል፣ ትርጉሙም ፍልቅልቋ ማለት ነው፣ እኔም በዚያ ቤት በሁለተኛው ቀን «ስምሽ ይከብዳል» ተብዬ «መርየም» መባሌ ትዝ አለኝ። የሱልጣኑን ሴቶች መኖሪያ፣ ሐረሙን፣ ለሚጠብቁት ጃንደረቦች ደግሞ የአበባ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፤ በድራማው ውስጥ ሲያስቀን የነበረው አጋ (የጃንደረቦች አለቃ) «ሱንቡል»፣ የአበባ ስም ነው፣ መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብዙ ሺህ ሆነን ስንመለስ ታሪኩ ከመሃል ተቆረጠብኝና ቀሪውን በመጻሕፍት ፈለግሁት። ልዑል ሙስጠፋ በ1553 (እ.ኤ.አ.) በአባቱ በሱሌይማን ትእዛዝ መታነቁን ያወቅሁት በንባብ ነው። የሱልጣኑ ጦር በ1557፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ምጽዋን መያዙንም እንዲሁ፤ ባየኋቸው ክፍሎች የምጽዋ ስም ሲነሣ አልሰማሁም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በሱሌይማን የልጅ ልጅ በሙራድ ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1574፣ የሐረሙ ዋና አጋ ሆኖ የተሾመው ሰው «ሐበሺ መሕመድ» መባሉ ነው። የአገራችን ሰው ነበር። ተኮላሽቶ፣ ተሸጦ ኢስታንቡል የደረሰው ይህ ሰው፣ ኋላ ለመካና ለመዲና የተሰጡ የሃይማኖት በጎ አድራጎት ንብረቶች (ወቅፎች) አስተዳደር በእጁ እስኪገባ ድረስ ገነነ፤ ከእርሱም በኋላ በዚያ በር ከቆሙት ጥቁር ጃንደረቦች ብዙዎቹ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ናቸው። እኛ ጃንደረባ ሲባል የሕንደኬን ባለሟል ብቻ እናስባለን።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶጋን፣ ሱሌይማን ሠላሳ ዓመት በፈረስ ላይ ያሳለፈ እንጂ ድራማው እንደሚያሳየው የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም ብለው ተቆጥተው ነበር። ለሱልጣኑ ክብር የሚሟገት አልጠፋም። የእኔ ቅሬታ ስለ በረኞቹ ነው፤ ድራማው ማሳቂያ ብቻ አደረጋቸው፣ የእናንተም ጸሐፊ ወርቁን ሲያይ አለፋቸው። የሐበሺ መሕመድን ታሪክ የሚያውቅ የታሪክ ምሁር ጋብዛችሁ አንድ ገጽ ብትሰጡት፣ ጋዜጣውን ገዝተው ለማንበብ የሚጠብቁ ከስደት ተመላሽ ጓደኞች አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ