ለጤና ሚኒስቴር፦ ማሽኑ መበላሸቱን ለአምቡላንሱ ማን ይንገረው?

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፤ በተለይም የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣

የስትሮክ ምልክት ይዞኝ አምቡላንስ የወሰደኝ፣ ጭንቅላት የሚያነሣው ሲቲ ስካን ማሽኑ ወደተበላሸበት ሆስፒታል ነበር። ቅሬታዬን መጀመሪያ ያቀረብኩት ለዚያው ሆስፒታል ነው። «በጽሑፍ ያምጡ» ተባልኩ፤ ጽፌ ወሰድኩ። ከዚያ ወደ በላይ አካል ሄድኩ፤ «ጉዳዩ ተመርቷል» አሉኝ። ወዴት እንደተመራ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ቢሮ አላገኘሁም። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ «እንግዲህ ድነዋል አይደል?» አለኝ። ስለዚህ በአደባባይ ልጻፍላችሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ብጠቅስ «የዚያ ሆስፒታል ችግር ነው» ብላችሁ ትገላገሉኛላችሁ።

አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ስበላ ቀኝ እጄ ስኒውን ለቀቀው። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ የምመልሰውን አውቀዋለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን ቃል አልነበረም። ፊቴም ተጣሟል። ጎረቤታችን «ምች ነው፤ ዳማከሴ አሹለት» አለች። እሷን አልወቅስም። ስለ ኮሌራ በየሰፈሩ ሞንታርቦ ይዞራል፤ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ስትሮክ ሊሆን ይችላል ብሎ በሰፈራችን የለፈፈ ግን የለም።

ባለቤቴ አምቡላንስ ጠራች። እንደፈራነው አልዘገየም። አብሮ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ ያያችሁት በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው፤ ሰዓቱንም ጻፈው። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሲስተሯ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች፤ የስኳር ማነስ ስትሮክ ሊመስል እንደሚችል በኋላ ነው የገባኝ። ግፊቴን ለክታ ተረኛውን ሐኪም ወዲያው ጠራችው። ሐኪሙ ሁለት እጄን አንሣ፣ ፈገግ በል አለኝ፤ ቀኝ እጄ ወረደ። ጊዜ አላባከነም፤ «ሲቲ ስካን፣ አሁኑኑ» አለ። ለእነዚህ ልጆች ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ቅሬታዬን ስታነቡ እነሱን ጠርታችሁ እንዳትቀጡብኝ።

የሲቲ ስካኑ ክፍል በር ላይ «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ጫፉ ተቀዷል፤ የለጠፉበት ፕላስተር ቢጫ ሆኗል። «ለጊዜው» መቼ እንደጀመረ ገምቱት።

ለእናንተ የማስረዳው ነገር የለም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልበል። ስትሮክ ወይ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ወይ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ ይመጣል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው ሰው ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሐኪም በዓይኑ አይቶ አይለይም፤ ጭንቅላት መነሣት አለበት። መድኃኒቱም የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለእኔ እስከ 6 ሰዓት ማለት ነው።

ማሽን ይበላሻል። መለዋወጫ በዶላር እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ ስለዚያ አልከራከራችሁም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፦ ማሽኑ እንደማይሠራ ሆስፒታሉ እያወቀ አምቡላንሱ ለምን ወደዚያ ወሰደኝ? ባለሙያው ወረቀቱን ያነበበው ከእኛ ጋር፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው። «ቢነግሩን ኖሮ ሌላ ቦታ እንወስደው ነበር» አለ። አንድ ስልክ! ያን የሚደውል ሰው ባለመመደቡ እኔ ግማሽ ሰውነቴ ደንዝዞ ኮሪደር ላይ ተጋድሜ ቀረሁ።

አምቡላንሱ ለሌላ ጥሪ ሄደ። የሆስፒታሉ መኪና «ሹፌሩ የለም»። ወደ ግል ምርመራ ማዕከል ሪፈር ተጻፈልን፤ ከመውጣታችን በፊት ግን «ሂሳብ ዝጉ»። ባለቤቴ የጤና መድን መታወቂያችንን ብታሳይ «ከጤና ጣቢያ ሪፈር አላችሁ?» ተባለች። እጄ በጤና ጣቢያ በኩል ዞሮ እንዲዝል አስቀድሜ ማመልከት ነበረብኝ መሰለኝ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ደግሞ ሙሉ ስሜን ራሴው እንድናገር ፈለገ። ለድንገተኛ ሕመምተኛ ሕክምና ይቀድማል፣ ክፍያ ይከተላል የሚለውን አሠራር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አንቀጽ አልጠቅስላችሁም።

በላዳ፣ በእህቴ ልጅ ትከሻ ተደግፌ ሄድኩ። እዚያም ክፍያ ይቀድማል። ውጤቱ ሐኪሙ እጅ ሲገባ 7 ሰዓት አልፏል። ደም አልፈሰሰም፤ ሰዓቱ ግን ሄዷል። ሐኪሙ ባለቤቴን ለብቻዋ ወስዶ፣ በጊዜው ብንደርስም ኖሮ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ እንደሌለ ነገራት። ስለ ሐቀኝነቱ አከብረዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ አልቴፕሌዝን፣ ለስትሮክ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ማታ አንደበቴ ተፈታ፤ እጄም ተመለሰ። ጊዜያዊ ስትሮክ ነው፣ ዋናው ሊከተል ስለሚችል ተጠንቀቅ ተባልኩ፤ አስፕሪንና የግፊት መድኃኒት ጀመርኩ። ለዚያ ኃላፊ መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ ድኛለሁ። ያዳነኝ ግን በራሱ ጊዜ የሟሟው ደም እንጂ አሠራራችሁ አይደለም። በማግስቱ ስወጣ አንዲት እናት በልጃቸው ጀርባ ታዝለው ሲገቡ አየሁ፤ የእሳቸውም ፊት ተጣሟል። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነበር።

አዲስ ማሽን ግዙ አላልኩም። እያንዳንዱ ሆስፒታል የሚሠራለትንና የማይሠራለትን በየፈረቃው ለአምቡላንስ ስምሪት ያሳውቅ፤ ይህ ጨረታም በጀትም አይጠይቅም። ዛሬ ማታ በአዲስ አበባ የትኛው የመንግሥት ሆስፒታል ሲቲ ስካን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤታችሁ ካለ፣ ስልኩን ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ ስጧቸው። ከሌለ ደግሞ እንደሌለ በጽሑፍ አሳውቁኝ።

አንድ ታካሚ
አዲስ አበባ