ለአባባ፣ ስለ ሰማዩ ቀለም

አባባ እንዴት ሰነበቱልኝ፣ ጉልበትዎስ? የግፊቱን ኪኒን በሰዓቱ እየዋጡ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ትልቁ ክፍሉን አለፈ፣ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ለአያቴ አሳዩልኝ እያለች ታስቸግረናለች፣ ብርዱም ገባ... ይሄን ሁሉ የማወራው ሌላው ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ያን ቀን በቪዲዮ ያሳየሁዎት የባቡር ሞዴል፣ የልጆቹ ነው ወይ ብለውኝ ነበር። የኔ ነው አባባ። የኮምቦልቻችን ነው። መጠኑ 1 ለ 87 ነው፣ እዛ የተነጠፈው ሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኔ ጋ 16.5 ሆነ። ያስቸገረኝ ቦታው ነው፣ በዚህ ልክ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ 11 ሜትር ተኩል ይፈጃል፣ የኔ ግድግዳ ደግሞ 5 ሜትር ናት፣ ምኑን ልተው ምኑን ላስቀር እያልኩ ስንት ወር ወረቀት ላይ ስስል ስሰርዝ ከረምኩ፣ በመጨረሻ ቦርከናን፣ ሜዳውንና አንድ ተራራ ያዝኩ። ጠባቡን ኩርባ ተራራው ውስጥ ደበቅኩት፣ እውነተኛ ባቡር እንደዛ አይታጠፍማ፣ ዋሻ ገብቶ ትንሽ ሲቆይ ሩቅ ሄዶ የመጣ ይመስላል። ጠጠሩን በወንፊት ነፍቼ ውሃ በበዛበት ኮላ አጣበቅኩት፣ የእቃ ሳሙና ጠብ ካላደረጉበት ኮላው ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። የሐዲዱን ጎን ዝገት አስመስዬ ቀባሁት፣ ጎማ የሚነካውን አናቱን ብቻ እንዲያበራ ተውኩት።

ያን ሁሉ አይተው እርስዎ ያሉኝ "ሰማዩን ምነው አቧራ አስመሰልከው" ነው። ሰማያዊ ነው እኮ አባባ፣ የመስከረም ሰማይ ነው። የጣቢያውን ግድግዳም ቢጫ አሉት፣ ነጭ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀለሙን ያበላሸሁት መስሎኝ ሌሊቱን ሳየው አደርኩ። የአይን ሞራ ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን ደብዛዛ እንደሚያደርግ ቆይቼ ነው ያወቅኩት። እታለምን ግን አብሽሪ ደህና አያለሁ ይሏታል።

ባቡር የሚባል ነገር ያስወደዱኝ እርስዎ ነዎት፣ በወጣትነትዎ ድሬዳዋ ያዩትን እየነገሩኝ። ከዛ ተነስቼ አይደል በሰርዲን ቆርቆሮና በሽቦ 4 ፉርጎ የሰራሁት? የ8ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ደጃፉ ላይ ረገጡት። ጥናት ስለተውኩ ነው፣ አሁን እኔም አባት ነኝ፣ ይገባኛል። ግን በማግስቱ አንዲት ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት? ምንም ሳይሉ ቁርስ በላን። ለትምህርቴ የሸጡትን በሬ አልረሳሁም፣ ውለታዎ አለብኝ፣ ይቺ ግን ውስጤ ቀረች።

ይሄኛውን ሳያዩት አይንዎ እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ። ይኸው አልኩት። ሞራውን ሲያወጡ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ወደ ቤት ነው የሚልኩት፣ እታለም አብራዎት ትሄዳለች፣ ብሩን ለሷ ልኬያለሁ፣ በግ ልግዛበት እንዳይሉኝ።

ጣቢያው ፊት 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ሰው አቁሜያለሁ፣ ከዘራ ይዛ ወደ ሐዲዱ ታያለች፣ እርስዎ ነዎት። ሽርጥዎን ብቻ አልቀባሁትም፣ የትኛውን ቀለም እንደሚፈልጉ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አይተው ይንገሩኝ።