አባባ፣ ስምዖንን ለቀቅ ያድርጉት

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልዎ እህቴ ናት። «ይቺን ዝለያት» ቢሏትም እንዳትዘል አስጠንቅቄያታለሁ።

ትናንት የካቲት 8 ነበር። በጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ለጥምቀት ጃንሜዳን ያጥለቀለቀው ሕዝብ የለም፤ ግቢው ጭር ብሏል። በሩ ላይ ጧፍ ገዛሁ። ነፋሱ ግን አላስበራ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ፤ አጠገቤ የቆሙ አዛውንት ሦስቴም ከራሳቸው ጧፍ ለኮሱልኝ። በሦስተኛው በነጠላቸው ጫፍ ከለል አድርገው «በይ አሁን ያዢው» አሉኝ። እርስዎ መጡብኝ።

ልጅ ሆኜ በጣቴ ሲያስቆጥሩኝ ትዝ ይልዎታል? ከታኅሣሥ 29 ተነስተን፣ ጥርን አልፈን፣ የካቲት 8 ላይ ልክ 40። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳበት ቀን። ጌታም በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ተወሰደ። በግ የማቅረብ አቅም የሌለው ሁለት ርግብ ወይም ሁለት ዋኖስ ያቀርብ ነበር፣ የእመቤታችንም መሥዋዕት ይኸው ነበር እያሉ ሲነግሩኝ ድምፅዎ ዝቅ ይል ነበር። ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ «ለአሕዛብ ሁሉን የሚገልጥ ብርሃን» አለው። ካቶሊኮች ከዚህ ቃል ተነስተው ነው በዚህ በዓል ሻማ የሚባርኩት። እኛ ደግሞ ልደተ ስምዖን እንላለን። ሽማግሌው ሕፃኑን ሲታቀፍ እንደ ንስር ታደሰ፣ እንደ አዲስ ተወለደ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ጠቤ እዚህ ላይ ነው። ስለ ዓይንዎ ባነሳሁ ቁጥር «የማየውን አይቻለሁ ልጄ፤ አሁንስ ባሪያህን በሰላም አሰናብተው» ይሉኛል። አባባ፣ ስምዖን ይህን ያለው ካየ በኋላ ነው። እርስዎ ላለማየት ነው የሚሉት!

ማታ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ደግሜ አነበብኩት። የስምዖንን ዕድሜ አልጻፈም። 84 የሚል ቁጥር የጻፈው ለነቢይቱ ሐና ነው። እሷም ሕፃኑን አይታለች፤ ግን አሰናብተኝ አላለችም። ለሚጠባበቁት ሁሉ ስለ እሱ ትናገር ነበር ይላል። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሐናን ይጥቀሱልኝ።

የደበቁኝን እንደማላውቅ አያስቡ። በገና ማግሥት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከንፈርዎ አላቋረጠም። ጣትዎ ግን ከአንድ ገጽ አልተነሳም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ጠበቅኩ። አንዲት ቅጠል አልገለጡም። በቃልዎ ነበር የሚወጡት። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለእማዬ ጭሱ ነው አልኳት።

እዚህ የዓይን ሐኪም አነጋግሬያለሁ። እንደነገርኩት ከሆነ ሞራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳላያቸው ግን አልፈርድም አለኝ። ሞራ ከሆነ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው ለዓይን ብቻ ነው፤ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በመርፌ ሞራ ይገፈፍ የነበረበትን ዘመን ይርሱት። በአገራችን ከምንም በላይ ሰው ዓይነ ስውር የሚያደርገው ይኸው ሞራ ነው፤ ደግሞም የሚድን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ብለው በሰየሙት ከተማ፣ በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ጨለማን መልመድ ምን የሚሉት ነው?

በሚመጣው ሳምንት ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። እህቴ ታመጣዎታለች። ስለ ገንዘቡ አያንሱብኝ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። ፒያሳን ቢያዩዋት አያውቋትም፤ ዶሮ ማነቂያ እንኳ ፈርሷል። «ውሸትሽን ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ መጥተው ይዩት።

ጋቢዎን ይያዙ። ዳዊቱንም፣ ያቺን ገጽ ምልክት አድርገውባት።

ልጅዎ