ችግኙ በታኅሣሥም ይቆጠር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በደሴ ዙሪያ ስለሚካሄደው የችግኝ ተከላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በሐምሌ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነግረናል። በታኅሣሥ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ግን አይናገርም። ለእኔ ዋናው ቁጥር እሱ ነው።

ደሴ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ዳገቱ ሲራቆት ዝናቡ መሬት ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ወንዙም ደለሉን ተሸክሞ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እኛ ላይ የተቆረጠው ዛፍ እነሱ ዘንድ ጎርፍ ይሆናል ማለት ነው። ዛፍ ባለበት ግን ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ የረገፈው ቅጠል ውሃውን እንደ ስፖንጅ ያቆየዋል። ምንጩ በበጋም የማይነጥፈው በዚህ ነው።

የዛፉ ዓይነትም ያሳስበኛል። ባሕር ዛፍን አልጠላም፤ ስንቱ ቤት የቆመው በእሱ ነው፣ ለገበሬውም ቶሎ ብር ይሆነዋል። ምንጭ ዳር ሲተከል ግን ውሃውን ይመጥጠዋል፣ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም። ለእንዲህ ያለው ቦታና ለገደላማው ወይራ፣ የሐበሻ ጽድና ዋንዛ ይሻላሉ። ወይራና ጽድ ለማደግ አይቸኩሉም፤ ስለዚህ ጠባቂ ይፈልጋሉ።

ጠባቂው ቅሬ፣ ማለትም ሌላው አገር ዕድር የሚለው የሰፈር ማኅበር፣ ቢሆንስ? እያንዳንዱ ቅሬ አንድ ቁራጭ ዳገት ይረከብ። ከብት እንዳይገባ ይከልል፤ ሣሩን አጭዶ መውሰድ የጥበቃ ዋጋው ይሁን። ቀበሌው በታኅሣሥ ወጥቶ ይቁጠር፣ የጸደቀውን ብቻ ይመዝግብ። የደረቀው በቀጣዩ ክረምት እዚያው ጉድጓድ ላይ ይተካ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ